ጋቢ የለበሰችው ጀልባ

ባሌ መጀመሪያ ቤት ያመጣው ጀልባዋን ሳይሆን ሽታዋን ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ይታጠባል፣ ሸሚዝ ይቀይራል፣ አይለቅም። በሁዳዴ ዓሣ የሚበሉ አሉ፣ የነሱን እግዜር ያውቃል፤ እኔ ቤት ግን አይገባም። እሱ የሚሠራው እዚሁ ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሎንግ ቢች፣ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ፓርኪንግና ዓሣ ምን ያገናኛቸዋል? ወይ ተደብቆ ይበላል፣ ወይ ዓሣ የምትጠብስለት ሴት አለች። የትኛው እንደሚሻለኝ ሳሰላስል ሰነበትኩና አንድ ማታ ደሜ ፈላ። ሽሮውን እንጀራው ላይ ገልብጬ «ያቺ ዓሣ የምትጠብስልህ ሴት ሽሮ መሥራት አታውቅም?» አልኩት።

ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀና «ሴት አይደለችም፣ ጀልባ ናት» አለኝ።

ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሴት ብትሆን ምን እንደማደርጋት አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መካከል ላይ ነው። ባሌ ድሮ ምጽዋ መርከበኛ ነበር። ሳውቀው ተረበኛ፣ ሰው ሰብስቦ የሚያስቅ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ አፉን መያዝ የሚቸግረው ሰው ነው። ያ ፓርኪንግ ግን ቀስ እያለ አፉን ዘጋው። ሰማይ በማይታይበት ቦታ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል፣ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጣል፤ ምን እያየህ ነው ብለው አያውቅም። ሶ፣ ያን ማታ ሲስቅ ሳየው ንዴቴ ግማሽ በግማሽ በረደ። ቀሪውን ግማሽ ለጀልባዋ አስቀመጥኩላት።

ጀልባዋ የአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበረች። ሚስታቸው ታመው ሆስፒታሉ ተኝተው ስለነበር ሰውዬው በየቀኑ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ፣ መኪናቸውን ባሌ ፓርክ ያደርግላቸዋል። ወሬ ሲጀምሩ ባህር፣ ሲጨርሱ ባህር። አባታቸው ከጣሊያን አገር መጥተው በገዛ እጃቸው የሠሯት የእንጨት ጀልባ ናት። አባት ሰርዲን ሲያጠምዱባት ኖሩ፣ ልጅ ተረከቡ፣ ልጅም አረጁ። የሳቸው ልጆች ደግሞ ዓሣ የሚያውቁት ሳህን ላይ ነው። «አንተ ካልወሰድካት ትፈርሳለች» አሉት። ወሰዳት። ሚስቱን ሳይጠይቅ ወሰዳት።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወስዶ አሳየኝ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ቀለሟ ተልጧል፣ ወፍ እንደ ልቡ ተጸዳድቶባታል፣ ሆዷ ውስጥ ዝናብ አቁራለች። ግራና ቀኟ የታሰሩት ነጫጭ የሀብታም ጀልባዎች እንዳትነካቸው ሸሸት ያሉ ይመስላሉ። «ይቺን ነው ተደብቀህ የምታያት?» አልኩት። «ቆንጆ ናት አይደል?» አለኝ። ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ነው፣ ምንም አይደረግም።

እዚያው ቆመን ሳለ የወደቡ ኃላፊ መጣ። ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለ ረጅም ፈረንጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕግ ግን ሕግ ነው ባይ ነው። እዚህ የምትታሰር ጀልባ በራሷ ኃይል መውጣት፣ ወደቡ አፍ ላይ ያለውን ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት መዞር፣ በራሷ ኃይል መመለስ አለባት አለን። ሰመሩ፣ የፈረንጆቹ በጋ፣ ሳያልቅ ይህን ካላደረገች በክሬን ተነሥታ ትሰባበራለች። ባሌ «ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም» አለ። እኔ በሆዴ ትሰባበራ አልኩ።

ዋና አልችልም። ውኃ ከሻወር ከበዛ አልወድም። ልጃችን ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወደ ጠርዙ እንዳትጠጋ እጇን ጨብጬ ይዣታለሁ። «እኔም ልጄም እዚህ ነገር ላይ እግራችንን አናሳርፍም፣ እወቀው» አልኩት። «ማን አስገደደሽ» አለኝና ጃኬቱን አውልቆ ውኃውን በባልዲ መቅዳት ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ እዚያ ነው። ቀለሟን ይፍቃል፣ የበሰበሰውን ጣውላ ያወጣል፣ አዲስ ያስገባል። እኔም ማኩረፍ ሰለቸኝና ምሳ እየያዝኩ መሄድ ጀመርኩ። ዳር ላይ ብርድ ልብስ አነጥፌ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እሳደባለሁ፣ እሱ ይሠራል። ሰው ከሥራ ወጥቶ ሌላ ሥራ ሲሠራ እንዴት ይወፍራል? ባሌ ወፈረ። እንጀራ ይጨምራል፣ እንቅልፉን ይለጥጣል፣ ጧት ሲላጭ ያንጎራጉራል። እኔም ወዳጄ ሆይ፣ ከሥራ መልስ «ዛሬ የት ደረሰች?» ብዬ ስጠይቅ ራሴን ያዝኩት።

ችግሩ ሞተሩ ነው። ዝጎ ዝጎ አንድ ድንጋይ ሆኗል። ባሌ ጓደኞቹን ሰብስቦ በገመድ አስወጣው። ከሥሩ ለዓመታት የተጋገረ የዓሣ ቅባት ነበር፤ ያን ሲፍቅ ወፍራም እንጨት ላይ የተበሳ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አገኘ። ምን እንደሆነ የገባው ሰው የለም። ሽማግሌውን ጠራቸው። ሰውዬው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተቱና ጠርዙን ዳሰሱት። በኋላ አባታቸው የሸራውን ምሰሶ የሚተክሉት እዚያ እንደነበር ነገሩን። ሞተር ሳይመጣ በፊት ጀልባዋ በሸራ ነበር የምትሄደው። እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ሸራው ጥላ ሥር ይተኙ ነበር፤ ምሰሶው ሲነቀልም አይተዋል፣ ግን ረስተውት ነበር። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንዳሰበ ገባኝ። እኔ ዳውንታውን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነዋ የምሠራው።

ጨርቁ አልቸገረም። ፋብሪካው ውስጥ ቀለም ተበላሽቶበት ጥግ የተጣለ የወፍራም ጥጥ ጥቅል ነበር፤ አለቃዬ ብቻ ከፊቴ አንሺልኝ አለኝ። ምሰሶም ሽማግሌው ከወዳጆቻቸው አገኙልን። የቀረው መስፋት ነው፤ መስፋት ደግሞ ለብቻ አይሆንም። እኛ ያኔ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለች ትንሽ አፓርትመንት ነው የምንኖረው። መንገዱ ዛሬ እንደምታዩት የኢትዮጵያ ሰፈር የሚል ሰሌዳ አልተተከለበትም፣ የሐበሻ ሬስቶራንቱም አንድ ሁለት ቢሆን ነው። የማርያም ማኅበራችን የእኔ ተራ ደረሰና ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ጸበል ጻዲቁ እንዳለቀ «እንግዲህ ደቦ ነው፣ ማንም አይወጣም» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ እንደ ደንቡ ሙሴ የምንላቸው፣ አንዲት እትዬ ነበሩ። ባህር የሚከፍሉ ሙሴ ግን አይደሉም፤ ስንት ዓመት ሎስ አንጀለስ ኖረው ባህሩን የሚያውቁት ከመኪና መስኮት ነው። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ይሄ ስስ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ የፈረንጆቹም አንድ ነጠላ ነው» አልኳቸው።

«ለዚያ ነዋ ሲንቀጠቀጡ የሚውሉት። አንቺ ልጅ፣ ጋቢ ለምን አራት እጥፍ ሆነ? ነፋስ እንዳያሳልፍ። ይሄም ሥራው ነፋስ መያዝ አይደለም እንዴ? ነፋስ ካሳለፈ ምኑን ያዘው?»

ሴቱ ሁሉ ልክ ነዎት አለ። እኔም አልኩ። ፋብሪካ ውስጥ ስንት ልብስ የሰፋሁ ሴት፣ ነገሩ እውነት መሰለኝ። ቤቱ ስለማይበቃን ከአፓርትመንቱ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ ላይ አንሶላ አንጥፈን ጨርቁን ዘረጋን፤ እጥፍ፣ ደግሞ እጥፍ። አንዷ ትይዛለች፣ አንዷ ትወሰውሳለች፣ እኔ ማሽኑን በረጅም ሽቦ አውጥቼ እሰፋለሁ። ከፎቅ ያሉት አሮጊቷ የቤት አከራያችን በመስኮት ብቅ ብለው የማን ሰርግ ነው አሉ። የጀልባ ብላቸው ኦኬ ብለው ገቡ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አለቀ። ዞር ስል አንዷ ከታች በኩል ቀጭን ጥለት ሰፍታለታለች። «ባዶውን ደስ አላለኝም» አለች። እውነቷን ነው፣ አምሮ ነበር።

ባሌ ሸራውን ሊያነሣ ሲሞክር ወገቡን ያዘ። ግን ሴቶቹ ፊት ምን ይበል? «ጠንካራ ነው» አለ።

የመጀመሪያው ሙከራ አንድ እሁድ ጧት ነው። ማኅበሩ በሙሉ መጥቷል። ጉም ወርዷል፤ እዚያ ባህር ላይ ጧት ጧት እንዲያ ነው። ጥጥ ደግሞ ውኃ ይጠጣል። አራት ወንድ ገመዱን ጎትቶ ጎትቶ ሸራውን ምሰሶው ወገብ ላይ አደረሰው፤ ከዚያ በላይ አልሄድም አለ። እንደ ታጠበ ጋቢ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ተጋደመችና ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ቀስ ብላ ወደ ጎን መንሸራተት ጀመረች። ቀጥታ ሄዳ አንዱን ነጭ የሀብታም ጀልባ ተደገፈች። ላዩ ላይ ቁርስ ይበሉ የነበሩ ባልና ሚስት እንቁላላቸውን ይዘው ተነሡ። ባሌ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወንዶቹ በእጃቸው ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ዳር ላይ እመቤቴን ይጠራሉ። ኃላፊው በትንሽ ጀልባ መጥቶ፣ እንደ ጠፋ በሬ በገመድ ስቦ መለሳት።

እኔ መሳቅ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ኃላፊው ሲናገር ግን ሳቄ ጠፋ። «ሰመሩ እያለቀ ነው። መጪው ቅዳሜ የመጨረሻው ነው» አለ። «ክሬኑን ለሰኞ አዝዣለሁ።»

ባሌ ማንንም አልወቀሰም። እርጥቡን ሸራ አጣጥፎ መኪናው ውስጥ ከተተና ወደ ቤት ነዳ። ገብቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተና አፈጠጠ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ጀርባውን አየሁት። ያ ጀርባ አንጀቴን በላው። ፈራሁም፤ ይቺ ጀልባ ከፈረሰች ያን የሚያንጎራጉር ሰው ዳግመኛ አላገኘውም ብዬ ፈራሁ። እጄን አደረቅኩና መቀስ አነሣሁ።

በማግስቱ እትዬ ደውለው ሳይሆን በአካል መጡ። ሸራው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እኔ ስተረትር አዩኝ።

«ልትቀጂው ነው?»

«ልለያየው ነው፣ እትዬ። አራቱን ለየብቻ።»

ቆመው አሰቡ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና «ምላጭ አምጪልኝ» አሉ። ከትንሽ በኋላ ደግሞ አንገታቸውን ሳያቀኑ «እኔ እኮ ያልኩት ለሙቀት ነው» አሉ። ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ያን ሳምንት ቤታችን በጨርቅ ተዋጠ፤ ልጃችን ሥሩ ገብታ ተኝታ ስንቴ ፈለግናት። አንዱን እጥፍ ትልቅ ሸራ፣ ሌላውን ፊት ለፊት የምትሰቀል ትንሽ ሸራ አደረግሁት፤ የተረፈውም ለመለዋወጫ ተቀመጠ። አንድ ነገር ግን አልያዝ አለኝ። ሽማግሌው ሊያዩ መጡ፤ ሚስታቸው ድነው ስለነበር አብረው መጡ። ጨርቁን በእጃቸው ለጠጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ፊት አቅፈው እንደ እርጉዝ አሳዩኝ። ሸራ ሆድ ያስፈልገዋል፣ ዝርግ ከሆነ ነፋሱ ያመልጣል ማለታቸው ነው። እንዲህ በሉኝ እንጂ። ለቀሚስ ደረት ስንሰፋ ከጠርዙ ሰብሰብ እያደረግን መሐሉን እንደምናወጣው፣ እንደዚያው አደረግሁት። ባሌ ደረት ያለው ሸራ ብሎ ሲያላግጥብኝ ደስ አለኝ። ማላገጥ ከጀመረ ደኅና ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ጉም የለም፣ ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ሰው ተሰብስቧል። ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ጀልባዋን ሁለት ሰው እንዲይዛት ግድ ነው፤ አንዱ መሪውን፣ አንዱ የሸራውን ገመድ። ገመዱን ሊይዝ ቃል የገባው የባሌ ጓደኛ፣ ታክሲ ነጂው፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ አግኝቶ ሄዷል። ባሌ ወንዶቹን አንድ በአንድ አየ። አንዱ ጫማውን አየ፣ አንዱ ሰዓቱን። ባለፈው እሁድ ያዩትን አይተዋል፣ አልፈርድባቸውም። ኃላፊውም ሰዓቱን አየ።

ባሌ ሁሉንም አየ፣ እኔን ግን አላየኝም። ቢያየኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። ቃሌን አክብሮ፣ ጀልባዋ እንደምትፈርስ እያወቀ፣ ዓይኑን እንኳ ወደኔ አላዞረም። ይሄ ነገር ልቤን ነካው። የልጄን እጅ ለእትዬ አስረከብኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ በስመ አብ ብዬ ገባሁ። እግሬ ሥር ወለሉ ሲወዛወዝ ምሰሶውን በሁለት እጄ አቀፍኩ። «ምን ልያዝ?» አልኩት። ከመሪው ብድግ አለ። «ሰውዬ፣ ምን ልያዝ ነው የምልህ!»

ሸራው ወጣ። ባሌ ብቻውን አወጣው፣ እስከ ጫፍ። አንዴ ተርገበገበና ነፋሱን ሲያገኝ ሆዱን ነፋ። ጀልባዋ ከሥሬ ተነሣች። ሌላ ቃል የለኝም፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ እንደ ቆየ ሰው ተነሣች። ድምፅ የለም፣ ሞተር የለም፤ ውኃው ብቻ ጎኗን እያንሾካሾከ ያልፋል። እኔ የሰፋሁት ጨርቅ ነው የሚጎትተን። በሕይወቴ ብዙ ልብስ ሰፍቻለሁ፣ አንዱም ወደ የትም ወስዶኝ አያውቅም።

መሐል ስንደርስ «ሸራ ነድተህ ታውቃለህ አይደል?» አልኩት።

«አንዴ። ለሥልጠና።»

«እና?»

«ተገለበጥን።»

እዚያ ላይ ምን ይባላል? መውረጃ የለም። ገመዱን አጥብቄ ያዝኩ።

ቀዩ ምልክት ጋ ደርሰን ስንዞር ነው ጉድ የፈላው። አፍንጫዋ ነፋሱን ገጠመና ቀጥ ብላ ቆመች። ትልቁ ሸራ ይንጫጫል፣ ጀልባዋ ወደ ኋላ፣ ወደቡን ከማዕበል ወደሚከልለው የድንጋይ ግድብ መንሸራተት ጀመረች። ባሌ መሪውን ወዲህ ወዲያ ያደርጋል፣ ምንም የለም። ፊቱን አየሁት፣ የዚያ የቴሌቪዥኑ ፊት ሊመጣበት ነው። እኔ ስለ ባህር ምንም አላውቅም። በነፋስ አንሶላ ማስጣት ግን አውቃለሁ፤ አንዱን ጫፍ ከያዝሽው አንሶላው ወዴት እንደሚጎትትሽ የማታውቅ ሴት የለችም። በጉልበቴ እየዳህኩ ወደ ፊት ሄድኩና የትንሿን ሸራ ጫፍ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ውጭ ገፋሁት። ነፋሱ ያዘው። እጄን ሊገነጥለው ደረሰ። የጀልባዋ አፍንጫ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ዞረ። «ልቀቂው!» አለኝ፤ ለቀቅሁት። ትልቁ ሸራ ወደ ሌላው ጎን ዷ ብሎ ተነፋና ዳር ላይ ያሉት ሰዎች ፊት ለፊታችን መጡ። የሴቶቹ እልልታ ውኃውን አቋርጦ ደረሰን።

ስንጠጋ እትዬ ባህሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ይመስል እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሽማግሌው የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ሸራውን ያያሉ። ኃላፊው ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ «አልፋለች፣ እሰሯት» አለ። የባሌ ፊት በርቷል። ገመዱን ሊወረውር ተነሣ።

«ተወው» አልኩት።

«ምኑን?»

ወደ ዳሩ ዞሬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። «እትዬ» አልኩ፣ «ልጄን ያቀብሉኝ።»